ለነርሶች የበዓል ምስጋና፦ ጊፋታ ለክሊኒክ ባለቤት የሚያስተምረው ሂሳብ

መስከረም በወላይታ ሶዶ ገበያ ውድ ወር ነው። ሰንጋ ሻጭ ዋጋ አይቀንስም፤ ቅቤ ሻጭም ቸኩሎ አይሸጥም። ደላላው ከገዥ ወደ ሻጭ ሲመላለስ ይውላል። ከእንቁጣጣሽ እስከ መስቀል ባሉት ጥቂት ሳምንታት የወላይታ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ጊፋታም ስለሚገባ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ለሥራ የተበተነው ሁሉ ወደ ቤቱ ይመለሳል። አውቶቡሱ ይሞላል፣ ገበያው ይጠብባል።

በዚሁ ሳምንት አንድ የግል ክሊኒክ ባለቤት መሳቢያውን ከፍቶ ይቆጥራል። የቤት ኪራይ ተከፍሏል፣ መድኃኒት ተገዝቷል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ አልቋል፤ ግብርም በር ላይ ቆሟል። ድንገት ዓመቱን ሙሉ ሌት ተቀን የሠሩት ነርሶች ትዝ ይሉታል። በእጁ የቀረው ገንዘብ ግን ለአንድ ኬክና ለሁለት ሳጥን ለስላሳ ቢበቃ ነው። ኬኩ ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፤ የሌሊት ተረኛዋ ስትገባ የምታገኘው ባዶ ካርቶን ነው።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም የንግድ ጉዳይ ነው። በሶዶ ከተማ የሠለጠነ ነርስ ፈላጊው ብዙ ነው። ነዋሪው እስካሁን "ኦቶና" እያለ የሚጠራው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ፤ የሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አለ፤ የግል ክሊኒኮችም አሉ። ከተማዋ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ እንቅስቃሴው ጨምሯል። ነርስ ስትለቅ ክሊኒኩ የሚያጣው አንዲት ሠራተኛ ብቻ አይደለም። ደንበኛው በስሟ የሚጠይቃትን፣ የሕፃኑን ክትባት ቀን የምታስታውሰውን፣ መርፌዋ አያምም የተባለላትን "ሲስተር" ያጣል። አዲስ ሠራተኛ ማፈላለጉ፣ የሙያ ፈቃዷን ማጣራቱና ሥራውን ማለማመዱ ሁሉ ወጪ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ምስጋናውን እንዴት በወጉ ማድረስ ይቻላል? መልሱ ከሩቅ አገር የሥራ አመራር መጽሐፍ መምጣት አያስፈልገውም። የወላይታ አባወራና እማወራ በየዓመቱ ለጊፋታ የሚሠሩት ሂሳብ ከበቂ በላይ ነው።

የጊፋታ ሂሳብ

ጊፋታ ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ በሚውለው እሑድ ይከበራል። በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ገንዘብ ፍለጋ የሚሮጥ ቤተሰብ ግን እንደ ቸልተኛ ይታያል። ልማዱ እንዲህ አይደለም። ወንዶቹ በቡድን ሆነው ለእርድ ሰንጋ የሚሆነውን ገንዘብ ዓመቱን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ያጠራቅማሉ። ሴቶቹ በበኩላቸው የበዓሉን ቅቤ በማኅበር ያከማቻሉ። በዓሉ ሲደርስ ሰንጋው በጋራ ይገዛል፣ በቅርጫ ይታረዳል፣ መደቡ እኩል ይከፈላል። ብቻውን በሬ መግዛት ቀርቶ በግ የማይደፍረው ገበሬ እንኳ በዚህ መንገድ ልጆቹን ሥጋ ያበላል።

በዚህ ልማድ ውስጥ ሦስት የገበያ ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፣ ከባዱን ወጪ በአሥራ ሁለት ወር መክፈል ነው። ሁለተኛው፣ በጋራ መግዛት ነው፤ በጅምላና በችርቻሮ መካከል ያለው ልዩነት ለገዥው ይቀራል። ሦስተኛው፣ እኩል ማካፈል ነው። በቅርጫ ጊዜ የአንዱ መደብ ከሌላው ቢያንስ ሥጋው ጣፋጭ መሆኑ ቀርቶ ነገር ይሆናል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

የክሊኒክ ባለቤቶች ለራሳቸው ቤት ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ያደርጉታልም። ለሠራተኞቻቸው ሲሆን ግን ሂሳቡን ይረሱትና በዋዜማው ወደ ገበያ ይሮጣሉ። ያን ጊዜ የሚገዙት በዓመቱ ከፍተኛ በሆነው ዋጋ ነው።

ዕዳና ስጦታ አይደባለቁ

ስለ ስጦታ ከማሰብ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። ለሠራተኛ የሚገባ ክፍያ ዕዳ እንጂ ስጦታ አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ድርጅት ለሚሠራ ሠራተኛ ግልጽ ድንጋጌ አለው። በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሰው ለሠራበት ለእያንዳንዱ ሰዓት የሰዓት ደመወዙ በሁለት ተባዝቶ ይከፈለዋል። በበዓል ቀን የትርፍ ሰዓት ሥራ ከሆነ ሁለት ተኩል እጥፍ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራ ደግሞ አንድ ነጥብ ሰባት አምስት እጥፍ ይታሰባል።

ለሂሳብ ያህል የሰዓት ደመወዟ 50 ብር የሆነ ነርስ በመስቀል ዕለት 8 ሰዓት ብትሠራ፣ 50 በ2፣ በ8 ሲባዛ 800 ብር ይሆናል። ይህን 800 ብር አስቀርቶ በምትኩ የ500 ብር ዘይት በካርቶን አሽጎ "የበዓል ስጦታ" ብሎ የሚሰጥ ባለቤት፣ ነርሷ ሂሳብ አታውቅም ብሎ የሚያስብ ከሆነ ተሳስቷል። መድኃኒት በሚሊ ግራም የምትለካ ባለሙያ ሂሳብ አይጠፋትም።

እዚህ ላይ የጊፋታ ጉዳይ ለብቻው መታየት ይኖርበታል። መስቀል የሕዝብ በዓል በመሆኑ አዋጁ ይሸፍነዋል። ጊፋታ ግን በአገር አቀፍ የሕዝብ በዓላት ዝርዝር ውስጥ የለም። በዓሉ እሑድ ስለሚውል ቢሮዎች ዝግ ናቸው፤ የሳምንት ዕረፍት ቀኗ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ የሆነ ተረኛ ነርስ ግን ጊፋታን እንደ ተራ ቀን ሠርታ ትወጣለች። ቤተሰቧ ተሰብስቦ በሚበላበት ቀን እርሷ ግሉኮስ ትሰቅላለች፤ ተጨማሪ ሳንቲምም በሕግ አይታሰብላትም። እንግዲህ በወላይታ ዞን ውስጥ የምስጋና ገንዘብ ጥቂት ከሆነና አንድ ቦታ ላይ ብቻ መዋል ካለበት፣ ቦታው ይህ ነው። ሕግ በማይደርስበት ቀን የባለቤቱ ፈቃድ ይደርሳል።

ዕዳን ሳይከፍሉ ማመስገን የሚያስከትለውን የዓለም ተሞክሮም አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. 2020ን የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር። ኮቪድ 19 በተስፋፋበት በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ሕዝብ ለአሥር ሳምንታት ሐሙስ ማታ ማታ በየደጃፉ ቆሞ ለጤና ሠራተኞች አጨበጨበ። ጭብጨባው ልብ የሚነካ ነበር። ሆኖም የደመወዝ ጥያቄያቸው መልስ ስላላገኘ፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 የአገሪቱ ነርሶች ማኅበር አባላት ሥራ አቆሙ። በአገራችንም በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ የአገር መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በወላይታ ዞን በ2016 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ መዘግየት በመገናኛ ብዙኃን በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ደመወዟ የዘገየባት ነርስ ፊት ኬክ መቁረጥ ምስጋና ሳይሆን ስላቅ ይሆናል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የበዓል ስጦታ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለውም። የወሩን ደመወዝና የተጠራቀመ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ መክፈል ነው። ገንዘቡ ያው ነው፤ ሳምንቱ ግን ለነርሷ ትልቅ ጥቅም አለው። ዋጋ ከመናሩ በፊት ቅቤዋን ትገዛለችና።

ሂሳቡ በምሳሌ

አንድ የግል ክሊኒክ 18 ነርሶችና 6 ሌሎች ሠራተኞች፣ በድምሩ 24 ሰዎች አሉት ይባል። ባለቤቱ በዋዜማው 30,000 ብር ከካዝናው አውጣ ቢባል አይችልም። በየሳምንቱ 600 ብር ለብቻው ባለ ደብተር ቢያስቀምጥ ግን በ50 ሳምንት 30,000 ብር ይሞላል። 600 ብር በሳምንት ማለት ስድስት ቀን ለሚሠራ ክሊኒክ በቀን 100 ብር ነው።

ይህን ገንዘብ በሚከተለው መንገድ መደልደል ይቻላል።

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ወደ ቤት የሚወሰድ የ1,000 ብር ዕቃ ወይም ጥሬ ገንዘብ፣ 24,000 ብር፤

ለጠዋት፣ ለከሰዓትና ለሌሊት ተረኞች ለእያንዳንዳቸው ለብቻ የሚዘጋጅ ቡናና ድፎ ዳቦ፣ በ1,000 ብር ሂሳብ 3,000 ብር፤

በጊፋታ እሑድ ተረኛ ለሚሆኑት ትኩስ ምግብና የባጃጅ መመለሻ፣ 2,000 ብር፤

መጠባበቂያ፣ 1,000 ብር።

ድምሩ 30,000 ብር ነው። አሃዞቹ ለማሳያ የቀረቡ በመሆናቸው እያንዳንዱ ባለቤት እንደ አቅሙ ሊቀንሳቸው ይችላል። በሳምንት 300 ብር የሚያስቀምጥም ቢሆን ድርሻውን በግማሽ ቀንሶ ያው ድልድል ይሠራለታል። ዋናው ነገር የድልድሉ ቅደም ተከተል ነው። የሁሉም እኩል ድርሻ ይቀድማል፤ ሌሊቱ አይረሳም፤ በበዓሉ ቀን የሚሠሩት ተጨማሪ ያገኛሉ።

ስድስቱ ሌሎች ሠራተኞች ለምን ተቆጠሩ የሚል ይኖራል። ጽዳቷ፣ ጥበቃው፣ የካርድ ክፍሏና የላቦራቶሪው ልጅ ከነርሷ ጋር አንድ ጣራ ሥር ይውላሉ። ነርሷ ዘይት ተሸክማ ስትወጣ በሩን የሚከፍተው ዘበኛ ባዶ እጁን ከሆነ፣ ስጦታው ለእርሷም ሸክም ይሆንባታል። ቅርጫ ያለው ሰው ይህን ያውቃል።

አንድ ልማድ ደግሞ መቅረት አለበት። በአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ለነርሶች ምስጋና ተብሎ ድግስ ይደገስና ወጪው ከነርሶቹ ደመወዝ በመዋጮ ይቆረጣል። ራስን በራስ ገንዘብ ማመስገን ማለት ነው። ሠራተኞች በፈቃዳቸው ዕቁብ ቢገቡ የራሳቸው ጉዳይ ነው፤ የድርጅቱ ምስጋና ግን ከድርጅቱ ኪስ ይውጣ።

ምን ይገዛ? መቼ?

የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገቡ ሸቀጦች ዋጋ በዓመት መጀመሪያና መጨረሻ አንድ ሆኖ አይገኝም። በመሆኑም ዓመቱን ሙሉ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ማስቀመጥ አቅም ያሳጣል። የማይበላሸውን ዕቃ ቀድሞ መግዛት ያዋጣል። ለዚህ ደግሞ የሴቶቹ የቅቤ ማኅበር ምሳሌ ነው፤ ብሩን ከመያዝ ይልቅ ቅቤውን ይይዛሉ።

ቡና ጥሬውን ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ይቆያል፤ በኪሎ ከመግዛት በፈረሱላ መግዛት ይሻላል። ስኳር፣ ሳሙናና ዘይት በካርቶን ከጅምላ ሻጭ ሲገዙ ይረክሳሉ። በዘይት ጉዳይ የመጠቀሚያ ጊዜውን ማየት ያስፈልጋል። ቅቤ ግን ለማያውቅ ሰው አደጋ አለው፤ የተቀላቀለ ይገኛልና የሚያውቁ ሴቶች ይግዙት። በክሊኒኩ ውስጥ ከሚሠሩት መካከል ቅቤ በአፍንጫቸው የሚለዩ እናት አይጠፉም።

ሥጋስ? በወላይታ ያለ ሥጋ በዓል የለም። የወላይታ ሰንጋ እስከ አዲስ አበባ ስሙ የታወቀ ነው፤ ጥሬ ሥጋ በዳጣ ያልቀመሰ እንግዳ ሶዶን አየሁ አይልም። ይሁንና ለጤና ተቋም ሥጋን በስጦታ መስጠት ሦስት እንቅፋት አለው። የክርስቲያንና የሙስሊም ሠራተኛ እርድ ይለያል። የሌሊት ተረኛዋ እስከ ንጋት የምታስቀምጥበት ማቀዝቀዣ የክትባት ማቀዝቀዣ ብቻ ነው፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ሥጋ አይገባም። በቄራ ያልተመረመረ ሥጋ ለኮሶ ትል ያጋልጣል፤ ክሊኒክ በራሱ ስጦታ በሽተኛ ሊያፈራ አይገባም። ሠራተኞቹ ቅርጫ ከፈለጉ ባለቤቱ ድርሻቸውን በጥሬ ገንዘብ ይስጥና እነርሱ ከሰፈራቸው ቡድን ጋር ይግቡ።

ጾምንም ማስላት ይገባል። የወላይታ ሕዝብ አብዛኛው የወንጌላውያን አማኝ ቢሆንም በክሊኒኩ ውስጥ የኦርቶዶክስ ጿሚ ይኖራል። በረቡዕና በዓርብ ቀን የክሬም ኬክ የሚቆርጥ ባለቤት ግማሹን ሠራተኛ ተመልካች ያደርጋል። ድፎ ዳቦና ቡና ግን ሁሉንም ያስማማል።

ለቤት ከሚወሰደው ሌላ ለተረኛ ክፍል የሚቀር ዕቃም ሊታሰብ ይችላል። ጥሩ ፔርሙስ፣ ውኃ ማፍያ፣ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ የእጅ ባትሪ። ዳሞታ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ሌሊቷ ብርድ ነው። የበዓል ኬክ በሩብ ሰዓት ያልቃል፤ ብርድ ልብሱ በየሌሊቱ "አስበውልን ነበር" ይላል። በላዩ ላይ ግን የክሊኒኩን ማስታወቂያ በትልቁ ማተም ነውር ነው። ስጦታና ማስታወቂያ አንድ ደረሰኝ ላይ አይገቡም።

የተረኛ ሰሌዳው፦ ያለ ብር የሚሰጥ ስጦታ

ነርሶች ለበዓል አብዝተው የሚፈልጉት ምን እንደሆነ ቢጠየቁ ብዙዎቹ ከዕቃ በፊት ጊዜን ይጠራሉ። ጊፋታ የቤተሰብ በዓል ነው። የተጣላ የሚታረቀው፣ ታናሽ ታላቁን የሚጠይቀው በዚያን ሳምንት ነው። በቦዲቲ፣ በአረካ ወይም በሁምቦ ወላጆች ያሏት ነርስ ለአንድ ቀን እንኳ ደርሳ ብትመለስ ከሁለት ሊትር ዘይት ይበልጥባታል።

በሽታ ግን በዓል አያውቅም፤ ሁሉም በአንድ ቀን ሊወጡ አይችሉም። እዚህም ላይ ዘዴው ከገበያ ይገኛል። ዕቁብ በዕጣ ይወጣል፤ ተረኝነትም በዕጣ ይውጣ። የመስከረም ሰሌዳ ከነሐሴ አጋማሽ በፊት ይለጠፍ። በጊፋታ እሑድ የሠራች በገና ወይም በፋሲካ ዕጣ ውስጥ አትግባ። ሠራተኞች በስምምነት ቀን መለዋወጥ ይፈቀድላቸው፤ ልውውጡ ግን በጽሑፍ ይሁን። ኦርቶዶክሷ በመስቀል፣ ሙስሊሟ በኢድ፣ የወንጌላውያን አማኟ በገና ሲወጡ የሚሸፍን ሰው የሚገኘው እምነታቸው ስለሚለያይ ነው። ልዩነቱ ሀብት ሆነ ማለት ነው።

ሁሉም የሚፈልገውን ቀን በየዓመቱ ለአንድ ዘመድ ወይም ለአንድ ተወዳጅ ሠራተኛ መስጠት ግን የዓመቱን ስጦታ ሁሉ ያረክሳል። ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፋልና የሚደበቅ ነገር የለውም።

ከውጭ ሆኖ ለሚያመሰግን ነጋዴ

ክሊኒክ የሌለው ነጋዴም በዚህ ጉዳይ ድርሻ አለው። እናቱን ሆስፒታል ያስተኛ፣ ሚስቱ በሰላም የወለደችለት፣ ልጁ ከሳንባ ምች የዳነለት ሰው በበዓል ሰሞን ነርሶቹን ማመስገን ይፈልጋል። ፍላጎቱ መልካም ነው፤ መንገዱ ግን ጥንቃቄ ይሻል።

በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ለአንዲት ነርስ በኪሷ ብር ማስገባት ለሰጪውም ለተቀባይዋም መዘዝ አለው። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ምክንያት የማይገባ ጥቅም መቀበሉን ወንጀል ያደርገዋል። ከሕጉም ሌላ፣ ዛሬ ለምስጋና የተሰጠው ብር ነገ በሚቀጥለው በሽተኛ ላይ እንደ ዋጋ ይታሰባል። ገንዘብ የሌለው ገበሬ ከገጠር ሲመጣ የሚያገኘው ፊት ይለወጣል። ገበያ የሚያውቅ ሰው ዋጋ እንዴት እንደሚለመድ ይረዳዋል።

የተሻለው መንገድ ሦስት ነገር ያሟላ ነው። ስጦታው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ይሰጥ፤ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለክፍሉ በሙሉ ይሁን፤ በሆስፒታሉ አስተዳደርና በነርሶች ኃላፊ በኩል በግልጽ ተመዝግቦ ይግባ። የዕቃ መደብር ያለው ሃያ ስኒና ሁለት ጀበና በመግዣ ዋጋ ያወጣል። ዳቦ ቤት ያለው በጊፋታ ሌሊት ለተረኞች ትኩስ ዳቦ ይልካል። ባጃጅ ያለው ሌሊት የሚወጡትን በነፃ ያደርሳል። አምስት ነጋዴዎች ቢተባበሩ ደግሞ ጉዳዩ የቅርጫ ያህል ይቀልላቸዋል።

ቃሉስ?

ከሁሉም ርካሹና ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ስጦታ ቃል ነው። በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ ስም ብቻ የሚሞላበት የምስጋና ወረቀት ማንም ግድግዳው ላይ አይሰቅለውም። "የዓመቱ ምርጥ ነርስ" ተብላ አንዲት ብቻ ስትመረጥም አሥራ ሰባቱ ለምን እንዳልተመረጡ ሲነጋገሩ ይከርማሉ።

ምስጋና የተሠራውን ሥራ ሲጠራ ነው የሚገባው። "ሲስተር፣ በሐምሌ መብራት በጠፋበት ሌሊት ያንን ሕፃን በእጅ ባትሪ ያከምሽውን አልረሳሁትም" የሚል ሁለት መስመር በባለቤቱ እጅ ተጽፎ ቢደርሳት ከማኅተሙ ወረቀት ይበልጣል። ለዚህ ግን ዓመቱን ሙሉ ማስታወሻ መያዝ ያስፈልጋል። የሳምንቱን 600 ብር የሚመዘግብበት ደብተር ላይ በዚያው ሳምንት ማን ምን እንደሠራ አንድ መስመር ቢጨምር፣ በመስከረም ለ24ቱም የሚጽፈው ነገር አያጣም። ገንዘቡና ቃሉ አብረው ይጠራቀማሉ። በበዓሉ ዕለት በተረኛ ክፍሉ በር ብቅ ብሎ "ዮ ዮ ጊፋታ" ማለት ደግሞ ወጪው የራሱ እግር ብቻ ነው። የሌሊቱን ፈረቃም መጎብኘት እንዳይረሳ።

የመስከረም ገበያ ፈጽሞ ላልተመቸው ባለቤት ሌላ ቀን አለ። የዓለም የነርሶች ቀን እ.ኤ.አ. ሜይ 12፣ በእኛ ግንቦት 4 ቀን ይከበራል፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1820 የተወለደችበት ዕለት ነው። ለኢትዮጵያ ነርሶች የራሳቸው ታሪክም አላቸው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት ሠልጥነው ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው አርፈዋል። በስማቸውም አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ተሠርቶላቸው ነበር። የንጉሥ ልጅ የመረጠችው ሙያ መሆኑን ማስታወስ ምንም አያስከፍልም። በግንቦት ቡናና ዳቦ፣ በመስከረም ደግሞ ወደ ቤት የሚወሰደውን አድርጎ ወጪውን ለሁለት መክፈልም ይቻላል።

የዓመቱ መርሐ ግብር ባጭሩ

ከጥቅምት ጀምሮ ሳምንታዊው ገንዘብ በተለየ ደብተር ይቀመጥ፤ ሁለት ሰው ይፈርምበት።

በግንቦት 4 ቀን ትንሽ የቡና ፕሮግራም ይደረግ፤ ሠራተኞቹም ለበዓል ዕቃ ወይስ ጥሬ ገንዘብ እንደሚመርጡ ይጠየቁ። ሳይጠይቁ መግዛት የሰውን ጓዳ እንደማወቅ መቁጠር ነው።

በሰኔና በሐምሌ የማይበላሸው ዕቃ ከጅምላ ሻጭ ይገዛ፤ ደረሰኙም ይቀመጥ፣ ግብር ሲደርስ ሂሳብ ሠራተኛው ይጠይቀዋል።

ከነሐሴ አጋማሽ በፊት የተረኛ ሰሌዳው በዕጣ ወጥቶ ይለጠፍ።

በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ዕዳ ተጠናቅቆ ይከፈል፤ ስጦታው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ለሁሉም በአንድ ቀን ይታደል። በዕለቱ ለሌለችው ስሟ ተጽፎበት ይቀመጥላት።

በጊፋታ እሑድ ለተረኞቹ ትኩስ ምግብ ይድረስ፤ ባለቤቱም ራሱ ይገኝ።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለም። የሚጠይቀው ዓመቱን ሙሉ ማሰብን ነው። ነርሷም የምታየው ይህንኑ ነው። በዋዜማው የተገዛ ዕቃ የዋዜማ ሐሳብ መሆኑ ይታወቃል፤ ከጥቅምት ጀምሮ የተጠራቀመ አንድ ሺህ ብር ግን ከጥቅምት ጀምሮ መታሰቧን ይነግራታል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ለቤቱ ሰንጋ ዓመት ሙሉ የሚቆጥብ ሰው ለበሽተኛው ሌሊቱን ለምታነጋ ነርስ በቀን መቶ ብር አያጣም።